አፍ የዘጋ ምርቃት

«የከሪማ ዱዓ መሬት አይወድቅም» እያለ የሰፈሬ የሆጤ ሰው አሞካሽቶ አበላሸኝ። ሰው ገና ጭንቀቱን ሲጀምርልኝ እጄን እዘረጋለሁ። እጅ ከተዘረጋ ደግሞ በእኛ አገር ወሬ የለም፤ መዳፍን ከፍቶ «አሚን» ማለት ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ሲመርቅ ማን ያቋርጣል?

ሱሀይላ የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ኮምቦልቻ፣ ጨርቅ ፋብሪካ ያስገባኋትም እኔው። እሷ አስተማሪ መሆን ነበር ያማራት። «እንጀራ ደጅሽ መጥቶ!» ብዬ መርቄ ሸኘኋት።

ባለፈው እሁድ መጣች። ለዱዓ እንግዶች ስለሚመጡብኝ ምንጣፍ እያነጠፍኩ ነበር።

«አክስቴ፣ ይስሙኝማ» አለች። «ስድስት ዓመት ሙሉ ጨርቁ መብራት ላይ ሲያልፍ ቆሜ ቀዳዳ እፈልጋለሁ። አገኛለሁ፣ ምልክት አደርጋለሁ፣ ያልፋል። ማን እንደሚለብሰው አላውቅም። ቤት ስገባም ያው ነው። እኔ ባልኖር ምን ይጎድላል እላለሁ…»

ወላሂ ደነገጥኩ። ቀጥላ «እዚያ የከተቱኝ እርስዎ ነዎት» የምትለኝ መሰለኝ። እጄን ብድግ አደረግኩ። «አላህ ልብሽን ያስፋው! ሶብሩን፣ ትዕግስቱን ይስጥሽ! ከሰው በላይ ያድርግሽ!»

የጀመረችው ነገር እዚያው ቀረ። መዳፏን ከፈተች። «አሚን፣ አሚን» ብላ ጫማዋን አድርጋ ሄደች። እኔም መከርኳት ብዬ ምንጣፌን አነጠፍኩ። አይ እኔ!

ሐሙስ ጠዋት ሱዓድ ደወለች፤ አብራት ቤት የተከራየች ልጅ ናት። «እትዬ ከሪማ፣ ሱሀይላ ሦስት ቀን ሥራ አልገባችም። አትበላም፣ አታወራም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነው የምትውለው።»

«እኔ ባልኖር» ያለችው ያን ጊዜ ነው ጆሮዬ የገባው። ወዲያው ወደ ኮምቦልቻ መኪና ተሳፍሬ፣ የሐረጎን ቁልቁለት እስክንጨርስ ራሴን ስረግም ወረድኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ሳልሰማ ምኑን ነው የመከርኩት?

ገብቼ «አሰላሙ አለይኩም» ስል ከአልጋዋ ተነስታ ተቀመጠች። አየችኝ። ከዚያ ሁለቱን መዳፎቿን ጭኗ ላይ ከፈተች። ልመርቃት የመጣሁ መስሏታል።

ያ ረቢ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጆቿን በእጄ ያዝኳቸው።

«ዛሬ ዱዓ የለም» አልኳት። «እሁድ ያቋረጥኩሽ ፈርቼ ነው። ፋብሪካ የከተትኩሽ እኔ ነኝ፤ ይኸንን እንዳትነግሪኝ ብዬ በአላህ ስም አፍሽን ዘጋሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አፉ በይኝ። አሁን ተናገሪ፣ አላቋርጥሽም።»

እኔ ደግሞ ዝምታ መች ለምጄ! ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

«መሞት አስቤ ቢሆንስ?» አለች በመጨረሻ። «እሱንም ይሰማሉ?»

«እሱንም እሰማለሁ» አልኳት።

ከዙሁር ሶላት እስከ አስር ሶላት አወራች። እናቷ የሞተች ቀን አታልቅሺ ብዬ እንደቆጣኋት ነገረችኝ። ማታ ማታ ጨርቁ ዓይኗ ላይ እየሄደ እንቅልፍ እንደሚነሳት ነገረችኝ። በእረፍት ቀኗ የግቢውን ልጆች ሰብስባ ፊደል ታስቆጥራለች፤ ሰው መሆኗ የሚታወቃት ያን ቀን ብቻ ነው። አንዳንዴ አፌ ሊከፈት ሲል በመዳፌ ያዝኩት።

«አሁን ምን ላድርግ፣ አክስቴ?» አለችኝ ሲደክማት።

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት። እንዲህ ስል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። «ብቻሽን ግን አልተውሽም። እዚሁ አብሬሽ አድራለሁ፤ ጠዋት ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።»

ራሷን ጭኔ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ኖረን፣ ከነገረችኝ አንዱንም አላውቅም ነበር።