ሠላሳ ጊዜ ሰባ ሁለት

አራሚዋ በማተሚያ ቤቱ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድም ስህተት አሳልፋ አታውቅም ይባል ነበር። እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ አሳልፋለች፤ ሁለቱንም ያወቀችው ግን እሷ ብቻ ስለሆነች ስሟ እንደተከበረ ቆየ። ቢሮዋ ከማሽኖቹ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ የቀለሙ ሽታ አንዴ ልብስ ውስጥ ከገባ በሳሙናም አይለቅም። እዚያ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ጣል አድርጋ፣ በቀይ እስክሪብቶ የሰውን ድካም ታደማለች። ደራሲዎች ይፈሯታል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት እንኳ ለሚስቱ የሚጽፈውን የልደት ካርድ ሳያሳያት አይልክም ብለው ሠራተኞቹ ያሙታል።

ያንን መጽሐፍ ያመጣችባት የገዛ ታናሽ እህቷ ነበረች።

ታናሽየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ታላቂቱ ትዳሯን ፈትታ፣ ታናሽየዋ ባሏ ሞቶባት፣ ሁለቱም ልጅ ሳይወልዱ ከወላጆቻቸው በቀረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ። አንዱ ክፍል መኝታቸው ነው፤ ሌላው የስፌት መኪናው፣ የጨርቅ ቁርጥራጩና የደንበኛው ወሬ የሚከማችበት። ታናሽየዋ ሳቂታ ናት፤ አፏ ውስጥ ስፒል ነክሳ እንኳ መሳቅ ትችላለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዋን ሸፍና፣ ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ወዳለው አዳራሽ መሄድ ጀምራለች።

እዚያ የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ድንበር ሲለኩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የሚለኩት ቢያጡ ሰማዩን መለካት ያዙ። ከረባታቸውን ሳያስሩ ከቤት አይወጡም፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሰው ላይ አይጮኹም። የጥንት ሕዝቦች ድንጋይ ላይ ቀርጸው የተዉትን የዘመን መቁጠሪያ ፈታሁ ይላሉ። እንደ እሳቸው አባባል ዓለም ከዘመን ወደ ዘመን የምትሸጋገረው በከዋክብቱ ቀጠሮ ነው። አሁን ያለንበት የዓሣው ዘመን፣ የሑት ዘመን ነው፤ እሱ አልቆ የውሃ ቀጂው፣ የደለዊ ዘመን ሲገባ፣ በዓሣው ዘመን የተወለደ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ቀኑንም አውቀውታል። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ረቡዕ።

“እና ይኼ ምኑ ያስደስታል?” አለቻት ታላቂቱ፣ እህቷ የመጽሐፉን ረቂቅ ጠረጴዛዋ ላይ ስታስቀምጥላት።

“ቀጠሮዬን ማወቄ ነዋ!” አለች ታናሽየዋ። “እኔ ያኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚያ በላይ ቆይቼ ምን ልሠራ ነው? መርፌዬ ላይ ክር የሚያስገባልኝ ሰው ስፈልግ ልኖር? ይበቃኛል እቴ።”

አራሚዋ ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ ረቂቁን ተቀበለች።

ገጽ መቶ አሥራ አራት ላይ ደረሰች። ቀያሹ እዚያ ዋናውን ስሌት አስቀምጠዋል። ፀሐይ ከከዋክብቱ አንጻር አንድ ዲግሪ ወደ ኋላ ለመንሸራተት ሰባ ሁለት ዓመት ይፈጅባታል፤ አንዱ ዘመን ሠላሳ ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ሠላሳ ጊዜ ሰባ ሁለት፣ 2190 ዓመት። አራሚዋ ቆም አለች። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ አባዛችው። 2160። ደግማ አባዛችው። ያው 2160።

ደስታው እንደ ሞቅታ ወጣባት። ሰውዬው ይህን ሁሉ ካብ የካቡት በአንዲት ማባዛት ላይ ነው፤ እሷን ከሥር ብትመዛት ሁሉም ይናዳል፣ እህቷም ቅዳሜዋን ታርፋለች ብላ አሰበች። ስልክ አስደውላ ቀያሹን አስጠራቻቸው።

መጡ። ተቀመጡ። ኅዳጉን አዩ፤ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ሦስት ጊዜ አባዙ። በሦስተኛውም ያው 2160 ወጣ። አራሚዋ ወረቀታቸውን ሰብስበው አንገታቸውን ደፍተው እስኪወጡ ጠበቀች። ቀያሹ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁላት።

“እግዜር ይስጥልኝ” አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። “ይህን ሁሉ ሰው ሠላሳ ዓመት ላዘናጋው ነበር።”

“አልገባኝም” አለች።

“የቀረን ሠላሳ አንድ ዓመት አይደለማ። አንድ ዓመት ነው።”

መጽሐፉ ታርሞ ታተመ። መግቢያው ላይ ቀያሹ “ስሌቱን መርምረው ከከባድ ስህተት ያወጡኝን፣ በጥንቃቄያቸው የታወቁትን የማተሚያ ቤቱን አራሚ” ብለው ከነሙሉ ስሟ አመሰገኑ። ማተሚያ ቤቱ በሣቅ ሞተ። ባለቤቱ “እንግዲያው የዓመት ፈቃድዎን ቶሎ ይውሰዱ እንጂ!” እያለ በኮሪደሩ ባገኛት ቁጥር ይቀልድባት ነበር። እሷም ሣቀች።

ቤት ውስጥ ግን የሣቀ የለም። ታናሽየዋ መግቢያውን ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኞቿ የሩቅ ቀጠሮ መስጠት ተወች። ለሙሽራ ልብስ የመጣችን ልጅ “ለእሱ እንኳ አልደርስልሽም የኔ እናት” ብላ መለሰቻት።

ሰባት ወር ሲቀር ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ። መጀመሪያ ደበቀችው። አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ስትቀይር ታላቂቱ አየችባትና እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደቻት። ተመረመረች። ውጤቱን ልትቀበል ግን ብቻዋን ሄዳ፣ ተመልሳ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።

“ሐኪሟ ምን አለችሽ?”

“ይቆረጥ አለች። ገና ነው፣ ቶሎ ከተቆረጠ ትድኛለሽ አለች።”

“ተመስገን! መቼ?”

“ለሚቀጥለው ወር ጽፋልኛለች።” የክሩን ጫፍ በጥርሷ በጠሰችው። “አልሄድም።”

“ምን አልሽ?”

“እትዬ፣ የቀረን ሰባት ወር ነው። ሰባቱንም ወር ተቆራርጬ፣ ፀጉሬ ረግፎ፣ ሳስመልስ ልክረም? በሙሉ ገላዬ ልጠብቀው።”

“አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው እኮ እብድ ነው!”

“እሳቸውም ይሳሳታሉ፤ አውቃለሁ። ተሳስተውም ነበር። ያረምሻቸው አንቺ ነሽ።”

“እኔ ያረምኩት ማባዛቱን ነው!”

“እሱን ነው የምልሽ” አለች ታናሽየዋ በእርጋታ። “የሌላ ሰው ስሌት ቢሆን እጠራጠር ነበር። አንቺ ያየሽውን ግን ማን ይጠራጠራል? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ነጥብ አምልጣሽ ታውቃለች?”

አራሚዋ ያኔ ያሳለፈቻቸውን ሁለት ስህተቶች ልትነግራት አፏን ከፈተች። አንዱ የመድኃኒት መመሪያ ላይ የዘለለችው ፊደል፣ ሌላው የተገለበጠ የገጽ ቁጥር። ነገረቻት። ታናሽየዋ ሣቀችባት፤ ለማግባባት የፈጠረችው መሰላት።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቀያሹ ቤት ሄደች። ሳሎናቸው ግድግዳው ሁሉ በክብ ክብ ሥዕልና በድንጋይ ፎቶግራፍ ተሸፍኗል። ወንበር ስበው አስቀመጧት፤ ውሃ አቀረቡላት። እህቷ መታመሟን ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑ።

“እኔ ማንንም አትታከሙ ብዬ አላውቅም” አሉ።

“አውቃለሁ። ግን ታከሚ ይበሏት። እርስዎ ካሏት ትሰማለች።”

“ታከሚ ካልኳት ቀኑን አላምንበትም ማለቴ አይሆንም?”

“እንግዲያው አሮጌው ቁጥር ነው ትክክሉ ይበሏት። አራሚዋ ናት የተሳሳተችው ይበሉ። በእኔ ያላክኩት። አፈር ስሆን!” ከወንበሯ ልትንበረከክ ተነሣች።

ቀያሹ ክንዷን ይዘው አስቀመጧት። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቅር መሰኘት ነው ያለው። “ሠላሳ ጊዜ ሰባ ሁለት 2190 ነው ብዬ ልዋሽ?” አሉ። “እርስዎ ራስዎ ያስተካከሉኝን?”

ያን ዕለት ቤቷ ስትመለስ የምትለውን በመንገድ ላይ አጥንታ ነበር። “ስሚ” አለቻት እህቷን፣ “ዛሬ ደግሜ አየሁት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የጻፉት ነው ልክ።”

ታናሽየዋ መቀሷን አስቀመጠች። ለልብስ መቁረጫ ከምትጠቀምበት ወረቀት ቀደደችና በጠመኔ አባዛች፤ ቀስ ብላ፣ የተማሪ ቤት ልጅ እንደሚያደርገው፣ የምትይዘውን ቁጥር ከላይ ምልክት እያደረገች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እህቷ አዞረችው።

“አንቺም ትዋሺኛለሽ?” አለቻት።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ባነሣች ቁጥር ታናሽየዋ መኪናዋን በኃይል ትረግጠዋለች። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ አስደውላ አስጠራቻት። ታላቂቱ ጎረቤት አስለመነች፣ አለቀሰች፣ አኩርፋ ሁለት ሳምንት ሳታናግራት ከረመች። እብጠቷ አደገች። ታናሽየዋ የውስጥ ልብሷን ራሷ አስፍታ ሰፋችው።

ቀኑ ደረሰ። ረቡዕ ጠዋት ታናሽየዋ ለራሷ የሰፋችውን ግራጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ ወጣች። የስፌት መኪናዋን ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ጀማሪ ሰፊ ሰጥታዋለች። በር ላይ ታላቂቱን አቅፋ ሳመቻት፤ “ነይ አብረን እንሁን” አለቻት። ታላቂቱ “ሥራ አለኝ” አለች። ሥራም ነበራት፤ ሊታተም የመጣ የትምህርት ቤት ፈተና እያረመች ነበር። ቀኑን ሙሉ አንዲት ገጽ አልገለጠችም። ግድግዳው እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ግን በየደቂቃው ቀና ትላለች። ደግሞ በራሷ ታፍራለች።

አመሻሽ ላይ ታናሽየዋ ከቀያሹ ሰዎች ጋር ስትጠብቅ ከዋለችበት፣ ከከተማው ዳር ካለው ኮረብታ በአውቶቡስ ተመለሰች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። በሩ ሥር ቆማ ባዶውን የመኪናዋን ቦታ አየችው።

“የሚበላ ነገር አለ?” አለች።

አራሚዋ አበላቻት። ስለ ቀኑ አንድም ቃል አልጠየቀቻትም፤ እሷም አልተናገረችም። ሆስፒታል የሄዱት በሦስተኛው ቀን ነው። ሐኪሟ የራጁን ፎቶግራፍ ብርሃን ላይ ሰክታ በጣቷ አሳየቻቸው። በሽታው ወደ ታናሽየዋ ጉበትም ወደ አጥንቷም አልፏል። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣን ይሻል ነበር ብላ አራሚዋ አሰበች።

ቀያሹ ሊጠይቋት መጡ። አራሚዋ በሩ ላይ ልትመልሳቸው ፈልጋ ነበር፤ ታናሽየዋ ግን ድምፃቸውን ሰምታ ከአልጋዋ “ይግቡ!” አለች። ብርቱካን ይዘው ነው የመጡት። የድንጋዩ ፎቶግራፍ ላይ ስንጥቅ መስሏቸው ያለፏቸው ሰባት ጭረቶች ለካ ዓመቶች ኖረዋል፤ ሰባት ዓመት ይጨመራል ብለው አስረዷት። ታናሽየዋ በጥሞና ሰማቻቸው።

“እኔ እንግዲህ አልደርስበትም” አለች።

“ቀድመሽ መሄድሽ ነው” አሏት እጇን ይዘው። ለእሳቸው ፊቷ በርቶ ነበር የሸኘቻቸው።

ፊቷ የጠቆረው ለእህቷ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ አራሚዋ ትራሷን ስታስተካክል፣ ታናሽየዋ ጣራ ጣራውን እያየች ተናገረች።

“እትዬ፣ ምን ነበረበት ባታርሚው?”

አራሚዋ እጇ ትራሱ ላይ ቀረ።

“በስህተቱ ብትተዪኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ነበረኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያላት ሴት ሆስፒታል ትሄዳለች።”

የምትመልሰው ነበራት። ያመንሽው አንቺ፣ የዋሸሽ እሱ፣ እኔ የሠራሁት ሥራዬን ነው ልትል ትችል ነበር። “ውሃ ልስጥሽ?” አለቻት። ታናሽየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ስለ መድኃኒትና ስለ መስኮቱ ብቻ ነው። በስድስተኛው ቀን ሞተች።

ወር ሳይሞላ ቀያሹ ሁለተኛውን እትም ይዘው ማተሚያ ቤት መጡ። አራሚዋ ክፍል ገብተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አጽናኗት፤ ከዚያ ረቂቁን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ።

“እርስዎ ካላዩት እምነት የለኝም” አሉ።

“አልነካውም።”

“ስህተት ቢኖርበትስ?”

“ይኑርበት።”

ባለቤቱ ጠርቶ ሊያግባባት ሞከረ፤ እምቢ አለች። መጽሐፉ ሳይታረም ታተመ። በየገጹ ፊደል ይጎድለዋል፤ አንድ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ከመጀመሪያው ይልቅ በጣም ተሸጠ። መግቢያው ላይ የእሷ ምስጋና እንዳለ ነበር፤ የሚያወጣው ሰው አልነበረማ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት። የሠላሳ ዓመት ሴት ትሆናለች፤ እግሯ ሥር የጎመን ዘንቢል አለ፤ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶ እያሰመረች ታነባለች። አራሚዋ መስኮቱን ለማየት ሞከረች። አልቻለችም።

“ውሸት ነው” አለቻት።

ሴትየዋ ቀና አለች። አልተቆጣችም። እንዲያውም እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ መጽሐፉን ወደ እሷ አስጠጋችው። “የቱ ጋ ነው ስህተቱ እማማ?”

አራሚዋ ገጹን አየችው። ከላይ እስከ ታች አራት አገኘች፤ ጣቷ ሊያመለክት ተነሣ። አንዷን ብታሳያት ሴትየዋ አስተካክላ የቀረውን እንደምታምን አወቀች። እጇን ወደ ጭኗ መለሰች።

“ሁሉም” አለች።

ሴትየዋ ለትልቅ ሰው በሚሰጥ ፈገግታ ፈገግ አለችላት፤ መጽሐፏን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና ካቆመችበት ቀጠለች።