ቶሎ የሚመልሰው ሰባተኛው

እልኸኛ ሰው አይተናል ትሉ ይሆናል፤ እሷን ግን አላያችሁም። የደም ባንኩ ሠራተኞች ከፊቷም ከኋላዋም «ችኮ» ነው የሚሏት፤ እሷም ወዳው አቤት ትላለች። በዚያ ቀን ጠዋት ኃላፊው ቢሮዋ ድረስ መጥተው፣ ወንበር እንኳ ሳይስቡ፣ ነገሩን ቁርጥ አደረጉላት። እስከ ቀትር ካልተስተካከለ ሲስተሙ ይዘጋል፣ ሆስፒታሎቹም እንደ ድሮው በስልክ ይጠይቃሉ። ሲስተሙ ደግሞ የሦስት ዓመት ልፋቷ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሆስፒታሎች ደም ሲፈልጉ በኮምፒውተር ይጠይቃሉ። ጥያቄው ምድር ቤት ካለችው ቀዝቃዛ ክፍል ይደርሳል፤ እዚያ ሰርቨር የሚባሉ ሰባት ኮምፒውተሮች ተደርድረው፣ የሚስማማውን ደም ከመዝገብ ፈልገው መልስ ይሰጣሉ። ከፊታቸው ችኮ ራሷ የጻፈችው አንድ አከፋፋይ ፕሮግራም አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አከፋፋዩም ሎሚውን ያድላል። ደንቡ አንድ ነው፤ በእጁ ያለው ሥራ ያነሰ ሰርቨር ቀጣዩን ይወስዳል። ከዚህ የተሻለ ፍርድ ከየት ይመጣል?

ከሁለት ቀን ወዲህ ግን ጉድ ፈላ። ነርሶች «ጥያቄዎ አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» እየተባሉ ሦስቴ አራቴ ይሞክራሉ። ዛሬ ጠዋት አንዷ ደውላ፣ ወላድ ደም እየፈሰሳት አምስት ጊዜ እንደጠየቀች ለችኮ ነገረቻት። ደሙ በመኪና ተልኮ ወላዷ ተርፋለች።

በግድግዳው ስክሪን ላይ ስድስቱ ሰርቨሮች ወገባቸው እስኪጎብጥ ይሠራሉ። ሰባተኛው ባለፈው ወር የተገዛ አዲስ ነው፤ ተጠይቆ ዓይን ሳይጨፈን ይመልሳል፣ እጁም ሁልጊዜ ባዶ ነው። ኃላፊው ከመውደዳቸው ብዛት እንግዳ በመጣ ቁጥር ወርደው ያሳዩታል። ዛሬም ጥፋቱን ከስድስቱ በሁለቱ አሮጌዎች ላይ ጫኑ፤ ይነቀሉና ሥራቸው ለሰባተኛው ይሰጥ አሉ። ችኮ አሻፈረኝ አለች። እውነቱን ለመናገር ማስረጃ አልነበራትም፤ ገመዱን ስትፈትሽ፣ አሮጌዎቹን ስታጠፋና ስታስነሳ አርፍዳ ያገኘችው ነገር የለም።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ። አባቷ ናቸው። ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና አድርገው ቤት ተኝተዋል፤ መድኃኒታቸው ከትናንት ጀምሮ አልቋል፣ ሌሊቱንም ሕመሙ አላስተኛቸውም። ለማሙሽ ነግረውት ነበር። ማሙሽ የመጨረሻ ልጃቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሞልቶትም ማሙሽ ነው። ትናንት ማታ «እሺ አባባ» ብሏል፣ ዛሬ ጠዋት «እሺ አባባ» ብሏል፣ ከአንድ ሰዓት በፊትም እንደዚሁ። አባትየው «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያሉ ያሳደጉት ልጅ ነው፤ የዘሩትን እያጨዱ ነው። ለምን ለእሷ እንዳልደወሉ ጠየቀቻቸው።

«አንቺማ ሥራ አለብሽ፤ አሥር ጊዜ ጠርቶ ነው የምታነሺው» አሏት። «እሱ ገና ሲጠራ ያነሳል። እጁም ባዶ ነው።»

«እጁ ባዶ የሆነው ስለማይሠራ ነው እኮ፣ አባባ» አለች። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ካለው ከሰባተኛው ስም ላይ ተተከለ።

መድኃኒቱ ዛሬውኑ እንደሚደርሳቸው ቃል ገብታ ስልኩን ዘጋችና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። የአከፋፋዩ መዝገብ የሚነግራት ማን በምን ያህል ፍጥነት እንደመለሰ ብቻ ነው፤ ምን ብሎ እንደመለሰ አይጽፍም። እንዲህ አድርጋ የጻፈችው ራሷ ናት። ስለዚህ የሰባተኛውን የግል መዝገብ ከፈተች። ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ነው፤ አልቻልኩም፣ አልቻልኩም፣ አልቻልኩም። መረጃ የሚያስቀምጥበት ዲስክ ከሁለት ቀን በፊት ሞልቶ ኖሯል። ጥያቄ ሲመጣለት ወዲያው እምቢ ይላል፤ እምቢ ስላለ እጁ ባዶ ይሆናል፤ እጁ ባዶ ስለሆነ አከፋፋዩ ቀጣዩን ለእሱ ይሰጠዋል። ሥራ የሚሠሩት ደግሞ ዘገምተኛ ተብለው ሊነቀሉ ነበር።

ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ፊቷ እስኪቀላ አፈረች። ለማፈር ግን ጊዜ የለም፣ ቀትር ሊሆን አርባ ደቂቃ ነው የቀረው። ጥርሷን ነክሳ ደንቡን እንደገና ጻፈች። ከእንግዲህ አከፋፋዩ በየአሥር ሰከንዱ ለእያንዳንዱ ሰርቨር ትንሽ፣ ግን እውነተኛ ሥራ ይሰጣል፤ ሰርቨሩ አንድ የታወቀ የደም ከረጢት ከመዝገብ ፈልጎ ቁጥሩን ያመጣል። ቁጥሩን ያላመጣ ሰርቨር ጥያቄ አይደርሰውም።

ኃላፊው ሰዓታቸውን እያዩ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሲገቡ፣ በኮምፒውተሯ ላይ ከሰባተኛው ስም አጠገብ ቀይ ምልክት ወጥቶ አዩና ደነገጡ። በጣም ፈጣኑን አውጥታ እንዴት ሊሆን ነው አሏት።

«እምቢ ለማለት ነው የሚፈጥነው» አለቻቸው፣ መዝገቡን ወደ እሳቸው አዙራ። «አሮጌዎቹን አልነካም። እርስዎም አይነኩብኝም።»

ኃላፊው አነበቡ፣ ወንበር ሳቡ፣ ተቀመጡ። የስድስቱ ሰርቨሮች ሸክም ትንሽ ጨመረ፤ መልሳቸው በግማሽ ሰከንድ ዘገየ፤ ግን መልስ ነበር። ቀትር ላይ የጠዋቷ ነርስ ደወለች፤ በመጀመሪያው ሙከራ ደም እንዳገኘች ነገረቻቸው። ሲስተሙን ስለመዝጋት ያነሳ ሰው የለም።

ከዚያ ችኮ ለማሙሽ ደወለች። ገና ሲጠራ አነሳው።

«እሺ እታለም፣ መድኃኒቱን ነው አይደል? አታስቢ፣ አለቀ በቃ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትጨቃጨቅ ነበር። ዛሬ አልተጨቃጨቀችም።

«የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ያለውን ቁጥር አንብብልኝ» አለችው።

ማሙሽ ዝም አለ። ከተወለደ ጀምሮ ለጥያቄ ቶሎ ሳይመልስ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነው። እሷም ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀች። ቀጥሎ ጫማ ፍለጋ ሲንኮሻኮሽ፣ በር ሲዘጋ ተሰማት።

ሃምሳ ደቂቃ ቆይቶ ራሱ ደወለ፤ ያለከልካል። ቁጥሩን አንድ በአንድ ያነብላታል፤ ከጎኑ አባታቸው «ቀስ በል፣ ትጻፈው» ይላሉ። ችኮም ብዕሯን አንስታ አንድም ሳታስቀር ጻፈች።