የጡብ ሠሪው እህት

የሳተላይት ምስል መቀበያው ጣቢያ ወደ አዲስ ሕንፃ ሊዛወር ነው ሲባል፣ ጡረታ የወጣችው የጣቢያው ባለሙያ አንዴ ልየው ብላ ሄደች። ዕቃው አስቀድሞ ወጥቶ ክፍሉ ባዶ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ቆመውበት የነበረው ወለል ብቻ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። በመስኮቱ በኩል ትልቁ የመቀበያ ሳህን ዝገት ጀምሮት እንደ ድሮው ወደ ሰማይ አንጋጧል። ስታየው ታላቅ ወንድሟ ትዝ አላት።

ወንድሟ ከከተማው በታች፣ ወንዝ ዳር፣ ጡብ እያቃጠለ የሚኖር ጨዋታ አዋቂ ነበር። እሷ ሥራ የጀመረች ሰሞን፣ «የኛ ቤት ልጅ የሰማይ ዘበኛ ሆናለች፤ ሰማይ መቼ ተሰርቆ ያውቃል!» እያለ ሰው ያስቅባት ነበር። ለብቻቸው ሲሆኑ ግን የሆዱን ያወጣዋል።

«እህት ዓለም፣ የወንዛችን ድልድይ ሳይጠገን ይሄን ሁሉ ሀብት ሰማይ ላይ መበተን ምን የሚሉት ነገር ነው?»

«ቆይ፣ ታየዋለህ» ትለዋለች። ምን እንደሚያይ ግን እሷም በቅጡ አታውቀውም።

አንድ ክረምት፣ ጠዋት የገባው ምስል ላይ ከወንዙ ራስጌ ያለው ሸለቆ በውሃ ተሞልቶ አየች። አለቃዋ ለታችኞቹ መንደሮች ማስጠንቀቂያ ሲያስተላልፍ፣ እሷ ለወንድሟ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሰዎችህን ይዘህ ውጣ። ውሃ እየመጣ ነው።»

«እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል እኮ!»

«በእናታችን ይዤሃለሁ!»

ከዚያ በፊት በእናታቸው ለምናው አታውቅም። ስልኩን ዘግቶ ሠራተኞቹን ጠራ፤ ቀኑን ሙሉ የተቃጠለውን ጡብ በጋሪም በሸክምም ወደ ጉብታው ሲያወጡ ዋሉ። ንጋት ላይ ወንዙ ሞልቶ መጣና ምድጃውን ጠራርጎ ወሰደው። ሰው ግን ተረፈ፤ ጡቡም ተረፈ። ጎርፉ ያፈረሳቸው ቤቶች መልሰው የተሠሩት በዚያው ጡብ ነው፤ ሠራተኞቹም ሥራ ሳይፈቱ ከረሙ።

ከዚያ ወዲያ ሳይደውልላት ጡብ አያሰጣም። አትክልተኛውም፣ ጀልባ ቀዛፊውም በሱ በኩል ማስጠየቅ ጀመሩ። «ቆዩ፣ ታናሼን ልጠይቃት» እያለ ሲንጎራደድ ጉድ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጠንቋይ አይደለሁም» ስትለው፣

«ጠንቋይማ ብትሆኚ መቼ አምንሽ ነበር!» ይላታል።

ዛሬ ማስጠንቀቂያው በየሰዉ ስልክ ላይ በቀጥታ ይደርሳል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ጥሩ ነው፤ ዕድሜዋን የደከመችውም ለዚሁ ነው። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ግን ክረምት ሲገባ የስልኳ ዝምታ ይከብዳታል።

ከጣቢያው ስትወጣ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ሲመሽ ብቻዋን መሆን አልፈለገችምና፣ የአባቱን ሥራ ወደያዘው የወንድሟ ልጅ ቤት አመራች።