የሩቁን አዝማሪ ማወደስ

ጌዲዮን አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሮማዎች ሲያወራ ደሜ ይፈላ ነበር። ጂፕሲ ስለሚሏቸው የአውሮፓ ተንከራታች ሙዚቀኞች ነው። ከህንድ ተነስተው አገር ለአገር እንደዞሩ፣ የስፔኑ ፍላሜንኮ ያለ እነሱ እንደማይታሰብ፣ የሀንጋሪ ትልልቅ አቀናባሪዎች ዜማቸውን እንደወሰዱ በፕሮጀክተር እያሳየ ተነተነ። «በቫዮሊናቸው ይጨፈራል፣ እጃቸውን ግን የሚጨብጥ የለም!» ሲል ድምፁ ተቆራረጠ። የቃሊቲው ወጣት ማዕከል አዳራሽ በጭብጨባ ተናወጠ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እናቱ ወይዘሮ አስቴር እንባቸውን ጠረጉ።

እኔ አላጨበጨብኩም። ጌዲዮን እጮኛዬ ነው፤ ሠርጋችን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አባቴ ካሳሁን ደግሞ ጠጅ ቤት ማሲንቆ ይመታል። ጌዲዮን አባቴን አይተው ለማያውቁት እናቱ «የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ነው» ብሎ ዋሽቷቸዋል። ገላን ኮንዶሚኒየም ቤታችን ድረስ መጥቶ «ለሠርጉ ሱፍ ይልበሱ፤ ማሲንቆዋ እዚሁ ትቆይ» ሲለው፣ አባቴ እሺ አለ። «አንቺ ብቻ ተዳሪልኝ» አለኝ። ጌዲዮን ራሱ ዘፋኝ ነው፤ ያ በኪቦርድ ያወጣው፣ ታክሲው ሁሉ የሚያጮኸው ዘፈኑ እንኳ መግቢያው የአባቴ ዜማ ነው። ሳሎናችን ቁጭ ብሎ ሲቀዳ እኔው ነኝ ያየሁት።

ንግግሩ ሲያልቅ የማዕከሉ ሠራተኛ «አሁን ደግሞ የሰፈራችንን አዝማሪ እንሰማለን» አለች። የተቀጠረው አዝማሪ ስለቀረ ከጠጅ ቤት በጥድፊያ አንዱን አምጥተዋል። አባቴ ማሲንቆውን ይዞ ገባ።

ጌዲዮን ክው አለ። ከዚያ ማይኩን አስጠጋና «እንኳን ደህና መጡ አባት። ስምዎን ማን ልበል?» አለው።

አባቴን! ስሙን ጠየቀው!

አባቴ አየኝና አንገቱን ደፋ። «ካሳሁን እባላለሁ ጌታዬ።»

ብድግ አልኩ። «ተቀበል!»

አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም አይመልስም። ስድብም ይሁን ውዳሴ ተቀብሎ ይዘፍነዋል። አባቴ በአርባ ዓመት ሥራው አንድም ግጥም መልሶ አያውቅም።

«የሩቁን አዝማሪ ሲያወድስ ይውላል፣»

ተቀበለኝ። ሰው ሳቀ።

«የራሱን አማት ግን አላውቅህም ይላል!»

ደጋኑ ክሩ ላይ ቆመ። አባቴ በዓይኑ ለመነኝ። አልራራሁለትም፤ ቆሜ ጠበቅሁት። ሙሉውን ዘፈነው።

«አማትየው ማነው?» አሉ ወይዘሮ አስቴር፣ ገና እየሳቁ።

«እኔ ግጥም ተቀባይ ነኝ እመቤቴ፤ ነገሩን አላውቀውም» አለ አባቴ። አሁንም ሊሸፍንለት!

«እኔ የማን ልጅ ነኝ፣ እማማ አስቴር?» አልኩ። «ጡረተኛ የተባሉት አማት እኚሁ ናቸው። ፋብሪካ ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።»

የወይዘሮ አስቴር ሳቅ ፊታቸው ላይ ደረቀ። ጌዲዮን ቶሎ ብሎ ማይኩን አጠፋው። እኔ የአዝማሪ ልጅ መቼ ማይክ ፈልጌ አውቃለሁ? ቀለበቱን ከጣቴ አውጥቼ ፕሮጀክተሩ ላይ አስቀመጥኩና ወደ አባቴ ዞርኩ።

«ተቀበል አባዬ!»

ደጋኑን አነሳ።