መስኮቱን የከፈተው ማን ነው?

«እማማ፣ በሩ ላይ አይቁሙ፤ ብርድ ያስገባሉ» አለች ምራታቸው፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታያቸው።

አያትየዋ ሠላሳ ዓመት የሕፃናት ሕክምና ክፍል ወለል አጥበዋል። ፊደል አልቆጠሩም እንጂ የልጆች ሳልስ ቆጥረዋል። በዚህ ቤት ግን የቆሸሸ ልብስ ካልተከመረ የሚጠራቸው የለም።

የሁለት ዓመቱ ድንቡሼ የልጅ ልጃቸው ከቀትር እንቅልፉ የነቃው እየሳለ ነበር። ሳሉም የሰው አይመስልም፤ ደረቱ ውስጥ ቡችላ የሚጮህ ነው የሚመስለው። አየር ሲስብ ደግሞ ጉሮሮው እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ይላል። እናትና አባቱ ከስልካቸው ባነበቡት መሠረት ክፍሉን ድስት አድርገውታል። መስኮቱ ተከርችሟል። ወለሉ ላይ በሳፋ የፈላ ውሃ ይጨሳል፤ አባቱ ሕፃኑን ታቅፎ፣ አብረው ብርድ ልብስ ተከናንበው ሳፋው ላይ ተደፍተዋል። ደረቱ ላይ የተቀባው ቅባት፣ የእርጥቡ ሱፍና ልጁ ያስመለሰው ወተት ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ክፍሉን ሞልቶታል። አያትየዋን ከሽታው የባሰባቸው ግን ልጁ ባለቀሰ ቁጥር ጉሮሮው ይበልጥ ሲጠብ ሁለት የተማሩ ሰዎች አለማየታቸው ነው።

«አንተ፣ ይህ ልጅ ነው ድንች?» አሉ።

«እማዬ፣ አሁን አይደለም» አለ መሐንዲሱ ልጃቸው ከብርድ ልብሱ ሥር።

«ታዲያ መቼ ነው? ሲበስል?»

«እንፋሎት ጉሮሮ ይከፍታል ይላል።»

«ማነው የሚለው?»

ምራታቸው ስልኳን አነሳች። «ሰው ሁሉ ነው የሚለው፣ እማማ። አምስት ሺህ ሰው ወዶታል።»

«እንግዲያ አምስት ሺው መጥቶ ያስታመው።»

ይህን ሲሉ ሕፃኑ ተወራጨና ሳፋውን በእግሩ መታው። የፈላው ውሃ የአባቱ ካልሲ ላይ ተረጨ፤ የልጁን እግር የሳተው በአንድ ጣት ስፋት ነው። አያትየዋ ከዚያ ወዲያ ማንንም አላስፈቀዱም። ብርድ ልብሱን ገፈው፣ ልጁን ቀጥ አድርገው ታቅፈው፣ መስኮቱን በረገዱት።

«በብርድ ሊገድሉት ነው እኮ» ብላ ምራታቸው እጃቸውን ያዘች።

«ልቀቂኝ። የአንቺን ፊት አይቶ ነው የሚደነግጠው።»

በሻርፓቸው ጠቅልለው ከታች የሚያልፉትን መኪኖች በሹክሹክታ ይቆጥሩለት ጀመር። «ቀይ መኪና። ነጭ መኪና። ይሄኛው ደግሞ ከተገዛ አልታጠበም።» ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ፤ ሳሉም ረገብ አለ። የአያትየዋ ዓይን ግን ከአንገቱ ሥር ካለችው ጉድጓድ አልተነሳም። ሲያለቅስ ብትሰረጉድ ያለ ነው። አሁን ግን ልጁ ዝም ብሎም በተነፈሰ ቁጥር ትሰረጉዳለች፤ ይህን ያዩ ነርሶች ሲሮጡ ነበር የሚያውቁት።

«መኪናህን አስነሳ» አሉት ልጃቸውን። «መስኮቱንም እንዳትዘጋ።»

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ ልጁን አያቱ ጭን ላይ እንደተቀመጠ መረመረችው፤ አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሽሮፕ አጠጥታም ሲጥሲጡ እስኪጠፋ ሰዓታት አቆየቻቸው። ከዚያ ልጁን እንዴት እንዳስታመሙት ወደ ነገራት አባቱ ዞረች።

«የአየር መንገዱ አብጦ ነበር። በጊዜ ማምጣታችሁ ጥሩ ነው። ቀጥ አድርጎ መያዙን፣ አለማስለቀሱን፣ ቀዝቃዛ አየሩን ማን ነገራችሁ?»

መሐንዲሱ ጫማውን አየ። «እንዲሁ... አንብበን ነው።»

ምራትየዋ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ሳሉ ዛሬ ሌሊትም ሊመለስ ይችላል» አለች ሐኪሟ። «ያንኑ አድርጉ፤ ትንፋሹ ከከበደው ሳትቆዩ አምጡት።»

ልጃቸው ቦርሳውን አነሳ። «እማዬ፣ እንሂድ።»

አያትየዋ የሕፃኑን ካልሲ አጥልቀው ጨረሱ እንጂ ከወንበራቸው አልተነሱም።

«ሐኪሟ ጠይቃሃለች፤ መልስላት።»

«ቤት እንነጋገራለን።»

«ቤትማ እጄን ትይዙኛላችሁ። ሌሊት ያ ሳል ሲመጣ በር ላይ ቆሜ የምለማመጥ ሴት አይደለሁም። መስኮቱን የከፈተው ማን እንደሆነ እዚሁ፣ ሚስትህ እየሰማች ንገራት።»