ስልኩ ነው የሌለው

ዋኒ ከጁባ ወደ ቴፒ የመጣው በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ለደቡብ ሱዳን ተማሪዎች በተሰጠ የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። አብረውት ከመጡት አንዳንዱ ጅማ፣ አንዳንዱ ባሕር ዳር ሲመደብ፣ ስታትስቲክስ ሊያጠና ቴፒ የደረሰው እሱ ብቻ ነበር። «ውጭ አገር ልማር ነው» ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብቶ ሲወጣ በሐሳቡ ፎቅና መብራት ነበር የሚታየው። የተቀበለው ግን ዝናብ ነው። ጫካው እስከ ከተማው ጓሮ ድረስ የገባበት፣ ልብስ ታጥቦ የማይደርቅበት፣ ሰው ሁሉ ስለ ቡና ዋጋ የሚያወራበት አገር።

ከሁሉ ያስቸገረው መልኩ ነበር። የቴፒ ሰው ጋምቤላን አሳምሮ ያውቃል፤ ስለዚህ ዋኒን ሲያይ እንግዳ አያይም። ባጃጅ ነጂው በጋምቤላ ሰው ስም «ኦሞት! ግባ!» ይለዋል። ባለሱቁ አማርኛውን ያወርድበትና መልስ ሲያጣ፣ «ምን ይኮራል ይሄ!» ብሎ ይቆጣል። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ልጆች ይከተሉት፣ ትልልቆቹም በእጅ ምልክት ይረዱት ነበር። እሱን ግን እንግዳ ነው ብሎ የጠረጠረ ስላልነበረ፣ እንደ እንግዳ የተቀበለውም አልነበረም።

በክፍል ውስጥም ያው ነው። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ይጀምርና ነገሩ ጠጠር ሲል ወደ አማርኛ ይሻገራል፤ ዋኒ እዚያው ወንዙ ዳር ይቀራል። ዶርም ውስጥ አልአዛር የሚባል ከሚዛን ተፈሪ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ሰሞን ጨዋታውን ሁሉ ይተረጉምለት ነበር። ቀልድ ግን ሲተረጎም ይሞታል። አልአዛርም እያደር ደከመው፤ ዋኒም አስቸገርኩት ብሎ መጠየቁን ተወ። ሌሎቹ ሲስቁ አብሮ ይስቃል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል ሲያልፍ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት ክንዱን ያዙት።

«አንተ ልጅ፣ ተማሪ አይደለህም?»

ወይዘሮ ማናልሞሽ ነበሩ። ባላቸው አቶ ባየ በቴፒ የቡና እርሻ ልማት ጸሐፊ ሆነው ሲሠሩ ኖረው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ዓለምሰገድ ፋርማሲ ሊማር ህንድ ሄዷል፤ ይህን በቴፒ የማያውቅ የለም፤ እሳቸው ያልነገሩት ሰው የለምና። አሁን ስልካቸውን እንደሚያቃጥል ነገር ከፊታቸው አርቀው ይዘውታል።

«ይቺን ሴትዮ እስቲ ስማልኝ። በደወልኩ ቁጥር የምታነሣው እሷ ናት። ምንድን ነው የምትለው?»

ዋኒ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ቁጥሩ ከእንግዲህ አገልግሎት ላይ እንደማይውል በእንግሊዝኛ ይናገራል። የሚያውቃትን ጥቂት አማርኛ ሁሉ በአእምሮው አገላበጠ።

«የለም» አለ።

«ማን?»

«የለም። ድሮ አለ። አሁን... የለም። አለቀ።»

ወይዘሮ ማናልሞሽ ሽንኩርት ከተዘረጋበት ጆንያ አጠገብ ጭቃው ላይ ዝርፍጥ አሉ። «ልጄን!» ብለው ደረታቸውን ሲመቱ ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ። ዋኒን ላብ አጠመቀው።

«ልጅ አይደለም! ስልክ! ስልክ ነው የለም! ልጅ አለ!» እያለ ይጮኻል። ልጁ ይኑር አይኑር በምን ያውቃል?

ነገሩ የገባቸው ሰዎች ሲስቁ ሴትዮዋ ቀስ ብለው ተነሡ። ቀሚሳቸውን አራግፈው ትከሻውን በጥፊ አሉት። «ገደልከኝ እኮ! የት ነው አማርኛ የተማርከው? ጋምቤላ እንዲህ ነው የሚያወሩት?»

«ጋምቤላ አይደለም። ጁባ ነው። ሌላ አገር።»

ወይዘሮ ማናልሞሽ ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩት። ቴፒ ከገባ ወዲህ እንደዚያ አድርጎ ያየው ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ማን ያበላሃል?» አሉት።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ቤታቸው መሄድ ጀመረ። ጎደሬ ቀቅለው ከዳጣ ጋር ሲያቀርቡለት፣ እናቱ ከምትቀቅለው ጋር አንድ ሆነበት። የሚቀመጠው በዓለምሰገድ ወንበር ላይ፣ ከዓለምሰገድ ፎቶ ሥር ነው። «እሱም ሲበላ እንዲህ አቀርቅሮ ነው» ይሉታል። አንድ ቀን ደግሞ፣ «እኔ የሰው ልጅ ካበላሁ፣ የኔንም እዚያ አንዷ ታበላልኛለች» አሉት። ዋኒ አልከፋውም። ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲመለስ፣ የሚወደድበት አንድ ቤት ቢያገኝ እዚያም የሚወደደው በሌላ ሰው ስም መሆኑን ያስብ ነበር።

ኅዳር ላይ ዓለምሰገድ በአዲስ ቁጥር ደወለ። እናቱ በደስታ ካወሩት በኋላ ስልኩን ለዋኒ ሰጡት። «በእንግሊዝኛ አውሩ። ልጄ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ልስማ!» ብለው ፊት ለፊቱ ቁጭ አሉ።

ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ዓለምሰገድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። «አጠገብህ ናት?»

«አዎ። ፊቴን እያየች ነው።»

«እንግዲያው ፈገግ በል። ከዩኒቨርሲቲው ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል። ፈተና ወደቅሁና አሰናበቱኝ። አሁን አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን አጥባለሁ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።»

ዋኒ ፈገግ አለ። «ለምን ለኔ?»

«አታውቀኝማ። አንተም እዚያ ብቻህን ነህ። አትንገራት፣ ትሞትብኛለች።»

ስልኩ ሲዘጋ ወይዘሮ ማናልሞሽ ዓይናቸው በራ። «ምን አለህ?»

«ደህና ነው። ፈተና አለ። ያጠናል» አለ ዋኒ። በአማርኛ ሳይሰናከል የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ያ ውሸት ነበር።

እንደዚህ ሆነ እንግዲህ። እሑድ በመጣ ቁጥር ዓለምሰገድ እውነቱን በእንግሊዝኛ ያወራል፤ ዋኒ ውሸቱን በአማርኛ ያደርሳል። የሴትዮዋ ፊት ሲፈካ እያየ ያቀረቡለትን ይበላል።

ታኅሣሥ ላይ ጁባ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ዋኒ ያወቀው ከግቢው ቴሌቪዥን ነው፤ ተማሪው ኳስ ሲጠብቅ ሰፈሩ ድንገት በጭስ ተሸፍኖ ታየ። አባቱ ጋ ደወለ፤ እናቱ ጋ ደወለ፤ እህቱ ኪደን ጋ ደወለ። የሚመልስለት የተቀዳ ድምፅ ብቻ ሆነ። አልአዛር መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ ሄደ።

ወይዘሮ ማናልሞሽ ወሬውን በሬዲዮ ሰምተው ምሳ ዕቃ ይዘው እስከ ግቢው በር መጡ። ዘበኛው ስላላስገባቸው ዋኒ ወጣ። ስልኩን ተቀብለው ጆሮአቸው ላይ አደረጉና፣ «ይቺው ሴትዮ ናት» አሉ። በሩ ላይ ቆመው እስኪበላ ጠበቁት።

ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ኪደን ደወለች። ቤተሰቡ ከጁባ ሸሽቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ የእናታቸው ዘመዶች መንደር ገብቷል። «ሁላችንም ደህና ነን። እማማ ደህና ናት። አባባም ደህና ነው፤ ተኝቷል። አንተ ትምህርትህን ተማር» አለችው።

ድምፅዋ ደስ ያለው ነበር። «ተኝቷል» የምትለዋን ቃል ቶሎ ብላ ነው ያለፈቻት። ዋኒ ያን አነጋገር ያውቀዋል፤ እሑድ እሑድ ከራሱ አፍ ሲወጣ የሚሰማው ነው።

«ኪደን» አላት፣ «አባባን ቀስቅሺልኝ።»

ማልቀስ ጀመረች። አባቱ ከተቀበረ ሳምንታት አልፈዋል። ትምህርቱን ጥሎ እንዳይመጣ ብለው ነው የደበቁት።

ወዴት ይሂድ? ዶርሙ ውስጥ ሙዚቃ ተከፍቷል። እግሩ ወደ ወይዘሮ ማናልሞሽ ቤት ወሰደው። በሩ ላይ ቆሞ፣ «አባቴ የለም» አላቸው። በዚህ ጊዜ ቃሉ ልክ ነበር።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ጎረቤት ተጠራ፤ ግቢያቸው ውስጥ አግዳሚ ተደረደረ፤ የዕድሩ ሴቶች ንፍሮ ይዘው መጡ። «ስሙ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁት። «ላዶ» አለ። አይተውት የማያውቁትን ሰው፣ አገሩን እንኳ የማያውቁትን፣ «ላዶዬ፣ ላዶዬ» እያሉ አለቀሱለት። እስከ ሠልስቱ ብቻውን አልተዉትም። ዋኒ በመካከላቸው አቀርቅሮ፣ እነዚህን ሰዎች እያታለልኩ ነው ይል ነበር በልቡ።

ከሠልስቱ በኋላ ወደ ህንድ ደወለ። «ንገራት» አለው ዓለምሰገድን።

«ትሞታለች አልኩህ እኮ።»

«እህቴም ለኔ ብላ ነው የደበቀችኝ። አባቴ ሲቀበር እኔ ካፌ ተሰልፌ ምስር እበላ ነበር። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።»

ዓለምሰገድ ነገራቸው። እናቱም አልሞቱም። ግን በሚቀጥለው እሑድ ዋኒ ሲመጣ፣ ወይዘሮ ማናልሞሽ በሩን ገርበብ አድርገው ቆመው አገኛቸው።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ወንበሬ ላይ ተቀምጠህ፣ እህሌን እየበላህ፣ ዓይን ዓይኔን እያየህ?» የበሩን እጀታ ያዙ። «እሱስ ልጄ ነው፤ ይዋሸኝ። አንተ ግን ማን ነህ?»

በሩ ተዘጋ።

የዚያን ዓመት ክረምት የባሰ ነበር። ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ። ወደ ጁባ መመለስ አይታሰብም፤ ስለዚህ ዋኒ ባዶው ዶርም ውስጥ ብቻውን ቀረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ ባዶዎቹ አልጋዎች ላይ የፍራሹ ስፖንጅ ይሻግታል። ከዘበኛው ጋር ጠዋት ሰላም ከተባባሉ በኋላ እስከ ማግስቱ ድምፁን የማያሰማበት ቀን ነበር። ገበያ ሲወጣ ባጃጅ ነጂዎቹ «ኦሞት!» ሲሉት ዞሮ ማየት ጀመረ። በወይዘሮ ማናልሞሽ ደጅ ግን አያልፍም፤ ዙሪያውን ይሄዳል።

በአዲሱ ዓመት ጥቅምት አልአዛር ከሚዛን ሲመለስ ወሬ ይዞለት መጣ። «የማናልሞሽ ልጅ ከህንድ መጥቷል አሉ። ከቤት አይወጣም፤ ሰውም አያናግርም።»

ዋኒ ሁለት ቀን አመነታና ሄደ። ወይዘሮ ማናልሞሽ ከስተዋል። ደጃፉ ላይ ሲያዩት ፈገግ አላሉም፤ አላባረሩትምም። «ግባ» አሉት። «እኔን አላናግር ብሏል። አንተን ለምዶሃል።»

ዓለምሰገድ በወንበሩ ላይ ነበር፤ ከፎቶው ይልቅ ቀጭንና ሽማግሌ መስሎ። ከድምፅ በቀር አይተዋወቁም።

«አማርኛ ተማርክ» አለው በመጨረሻ።

«ብዙ ጊዜ ነበረኝ።»

«ለምን እንደማልወጣ ታውቃለህ? ሁሉም የሚለኝ አንድ ነገር ነው። 'ጨረስክ? መቼ ትመለሳለህ?' ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ። ህንድ ውስጥ ማንም አያውቀኝም ነበር። እዚህ ሁሉም ያውቀኛል፤ እነሱ የሚያውቁት ሰውዬ ግን እኔ አይደለሁም።» ቀና ብሎ አየውና፣ «አንተ ታድለሃል። ማንም አይጠይቅህም» አለ።

«አዎ» አለ ዋኒ። «ማንም አይጠይቀኝም።»

ዓለምሰገድ ያን ሲሰማ አፈረ። ዋኒ ተነሣና፣ «ና፣ እንውጣ» አለው።

ወደ ቡና እርሻው በሚወስደው መንገድ ሄዱ። የለቀማ ወቅት ነው፤ ፍሬው ቀልቷል፤ ከሩቅ አገር የመጡ ለቃሚዎች በዛፉ ጥላ ሥር ይጯጯሃሉ። የእርሻው በር ላይ አቶ ባየን የሚያውቁ ሽማግሌ ዘበኛ ዓለምሰገድን ለይተው አቀፉት። «ዶክተሩ! ጨረስክ?» አሉት።

ዓለምሰገድ ዋኒን አየው፤ ከዚያ መሬቱን አየ። «አልጨረስኩም፣ አባባ። ወድቄ ነው የመጣሁት።»

«እንኳን በሰላም ገባህ» አሉት ሽማግሌው። «አባትህም ልጅ ሳለ ትምህርት አይሆንለትም ነበር፣ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።» ዓለምሰገድ ሳቀ፤ የተሰነጠቀ የሚመስል ሳቅ ነበር።

ሲመለሱ ወይዘሮ ማናልሞሽ ምሳ አቅርበው ጠበቋቸው። የዋኒን ለብቻው በሳህን ነበር ያደረጉት። ጥቂት ቆይተው ግን ሳህኑን አንሥተው ልጃቸው ፊት ካለው ትሪ ላይ ገለበጡት። ያለፈውን ማንም አላነሣም። ይቅር ይበሉት አይበሉት ዋኒ አላወቀም፤ ሊጠይቅም አልደፈረም።

ሊወጣ ሲነሣ፣ «እናትህ ስማቸው ማን ነው?» አሉት ድንገት። «ይህን ሁሉ ጊዜ ጠይቄህ አላውቅም።»

«ጆኩዱ።»

«ጆ... ኩዱ» አሉ፤ አፋቸው ውስጥ አዟዟሩት። «ሰላም በልልኝ።»

ዓለምሰገድ እስከ በሩ ሸኝቶት ወደ ውስጥ ተመለሰ። ዝናብ ሊጥል ነበር። ዋኒ በባዶው መንገድ ወደ ግቢው ሲወርድ፣ የእናቱን ስም ሰው ፊት ጮክ ብሎ ከተናገረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ሊያስብ ሞክሮ አላስታወሰውም። አንዴ ደግሞ ለራሱ ተናገረውና እርምጃውን አፈጠነ።