ባዶ የተባለው ቤት

ፀጉር ሠሪዋ ጠበቃዋን ባየች ጊዜ ወሽመጧ ብጥስ አለ። ጠበቃዋ ገና ልጅ ናት፤ የያዘችው ቦርሳ ከእሷ ይገዝፋል።

ከፀጉር ሠሪዋ ጎን የተቀመጠችው ታላቅ እህቷ ጆሮዋ ሥር ሹክ አለቻት። "በነፃ ነው አልሽኝ? አንቺ መቀስ መያዝ የለመድሽው በእኔ ራስ ላይ አይደል? እሷ ደግሞ በአንቺ ልትለማመድ ነው።"

"ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።"

ሰምታለች። የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ጠባብ ነው። ጠበቃዋ ግን ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞራ ፈገግ አለች። "እትዬ፣ ነፃ የሆነው ለእርስዎ ነው። ለእኔ እንደ ማንኛውም ሥራ ሥራ ነው። ከፋይ ደንበኛዬ ቢያይ ይቀናል እንጂ አያማርርም።"

አከራዩ የሱቁን ቁልፍ ቀይሮ "ለቀሽ ወጥተሻል" ካላት ወዲህ ፀጉር ሠሪዋ እጇን አጣጥፋ ቁጭ ብላለች። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቤት ሄደዋል። በሩ ቶሎ ካልተከፈተላት የሚጠብቃት ሰው አይኖርም።

ችሎት ገቡ። አከራዩ ከረባቱን አስተካክሎ ቆመ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሴትዮዋ ዕቃዋን ጠራርጋ ወጥታለች። እኔ የቆለፍኩት ባዶ ቤት ነው።"

ፀጉር ሠሪዋ "ኧረ በሕግ አምላክ!" ብላ ልትነሳ ስትል ጠበቃዋ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ከዚያ አከራዩን ጎረቤት እንደምታነጋግር ረጋ ብላ ጠየቀችው።

"ቁልፉን ለምን ቀየሩት?"

"ሌባ እንዳይገባ ነዋ!"

"ባዶ ቤት ውስጥ ሌባ ምን ያደርጋል?"

"ምን ያደርጋል?" አከራዩ ተቆጣ፤ በጥንቃቄው የሚኮራ ሰው ነው። "የፀጉር ማድረቂያው ካስክስ? ያ ሁሉ መስታወትስ? በእኔ ግቢ የሰው ንብረት ተነክቶ አያውቅም!"

የአከራዩ ጠበቃ ግንባሩን ያዘ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

"የማን ንብረት አሉ?"

አከራዩ ወደ ጠበቃው ዞረ።

ዋናው ክርክር በቀጠሮ እንዲቀጥል፣ በሩ ግን በዚያው ቀን እንዲከፈት ታዘዘ።

እኩለ ቀን ላይ አከራዩ ራሱ፣ ቀና ሳይል፣ ቁልፉን አዞረ። ፀጉር ሠሪዋ በአቧራው ውስጥ ሮጣ ገብታ ካስኩን ሰካችው። እንደ ድሮው አጓራ። መስታወቱን በመዳፏ ጠረገችና ንጹሕ ፎጣ ከመሳቢያ አውጥታ ተከትላት ወደ ገባችው ጠበቃ ዞረች።

"በሉ ይቀመጡ። ሌላው ቢቀር ፀጉርዎን ልጠብልዎ።"

"ከሰዓት ቀጠሮ አለኝ፤ ከሥራው በግፍ ያባረሩት ዘበኛ ነው።"

"እሱም በነፃ?"

"እሱም።"

ፀጉር ሠሪዋ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጠበቃዋን በሁለት እጇ ወደ በሩ ገፋቻት።

"ሂጂ የኔ እመቤት፣ ሂጂ! ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?" አለች፣ "እርስዎ" ማለቷን ሳታስበው ትታ። ጠበቃዋ መንገዱን ልታቋርጥ ስትል ደግሞ ከደጃፉ ጮኸችባት።

"አንቺ ልጅ! አሠሪዎቹን እስኪናገሩ ታገሻቸው፣ እውነቱን ራሳቸው ይነግሩሻል!"